ጎኑ የታጠፈ ባርኔጣ

«የተሸጠ አይመለስም» አለች ከበቡሽ፣ ባርኔጣው ገና ከፌስታሉ በቅጡ ሳይወጣ።

ኢንስፔክተር ዓለምፀሐይ እጇን ፌስታሉ ውስጥ እንዳስገባች ቀረች።

«ልመልስ አይደለም የመጣሁት።»

«ሁሉም እንደሱ ነው የሚለው። ወስዶ፣ አድርጎ፣ ጭቃ አስነክቶ ሲያበቃ ጠበበኝ ይላል። ሳልቫጅ ነው የኔ እህት። ፈረንጅ አድርጎ አድርጎ የሰለቸውን ነው የምሸጠው፤ ምን ዋስትና ልስጥሽ? ባልሽ ራሱን ይዞ ይምጣና ሌላ ይለካ።»

«ባል የለኝም።»

«ታዲያ ለማን ብለሽ ገዛሽው?»

ዓለምፀሐይ መታወቂያዋን አወጣች። ለጥያቄ ስትወጣ የደንብ ልብስ አትለብስም፤ ሰው ልብሷን አይቶ የሚናገረውና ፊቷን አይቶ የሚናገረው እንደማይገናኝ ሥራው አስተምሯታል። ከበቡሽ መታወቂያውን አየች፣ ባርኔጣውን አየች፣ ከተቀመጠችበት የልብስ ክምር ላይም ቀስ ብላ ተነሳች።

«የጋሽ አሊዪ ነገር ነው?»

«ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን አገባኝ? የሸጥኩት ባርኔጣ ነው እንጂ ዱላ አይደለም።»

ጋሽ አሊዪ ከሸዋ ሮቢት ከተማ በታች ባለው የቀወት ቆላ የውሃ አባት ነበሩ። ከሮቢ ወንዝ ተጠልፎ በቦይ የሚወርደውን ውሃ ለገበሬው በየተራው የሚያካፍሉ፣ ማን መቼ ከፍቶ መቼ እንደሚዘጋ በቃላቸው የሚያውቁ ሽማግሌ። ትናንት ለሱብሒ ሰላት የተነሳ ገበሬ ቦዩ አፍ ላይ በግንባራቸው ተደፍተው አገኛቸው። ማጅራታቸውን ከኋላ ተመትተዋል። የጤና ጣቢያው ሐኪም የሞቱት በዋዜማው አመሻሽ ላይ እንደሆነና የተመቱበት ነገር ጠፍጣፋ ብረት እንደሚመስል ተናገረ። አጠገባቸው ጭቃው ላይ ይህ ባርኔጣ ወድቆ ነበር፤ ወፍራም አረንጓዴ የወታደር ባርኔጣ፣ ክንፉ ሰፊ፣ አንድ ጎኑ ወደ ላይ ታጥፎ በቁልፍ የሚያዝ።

«ማን እንደገዛው ታስታውሻለሽ?»

«አገር ያውቀዋል። የሰዲቅ ነው።» ከበቡሽ እንደገና ተቀመጠች። «ቦንዳውን ስፈታው የወታደር ቆብና ባርኔጣ ብቻ ወጣልኝ። የየትኛው አገር ወታደር እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ከሰርኩ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ሰዲቅ መጣና ይቺን ጎኗን አጥፎ አደረጋት። ወዲያው የባጃጁም ልጅ፣ የሽንኩርት ጫኙም ልጅ ይጎርፍ ጀመር። ቀበሌ የወታደር ቆብ ክልክል ነው ሲል ደግሞ ጠራርገው ወሰዱልኝ። ባይከለከል ኖሮ እስከ ዛሬ ተቀምጬበት ነበር።»

ዓለምፀሐይ ባርኔጣውን ገለበጠችው። አናቱ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ጨርቁ ሎሚ በሚያህል ክብ ተፍቆ ሳስቷል።

«ስትሸጪው እንዲህ ነበር?»

«ኧረ እኔ እንዲህ ያለውን አልሸጥም። ይኼ በኋላ የመጣ ነው።»

ባርኔጣን ላብ የሚበላው ዳር ዳሩን ነው። አናቱን እንዲህ አድርጎ የሚያሳሳ ምን ዓይነት ራስ እንደሆነ ዓለምፀሐይ አልገባትም። መልሳ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችው።

*

«ምን ቀረሽ?» አለ የወረዳው ፖሊስ አዛዥ ኮማንደር ጌታቸው። ማራገቢያው የቢሮውን ሙቀት ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ከመውሰድ በቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም። «ባርኔጣው የልጁ ነው። ከሽማግሌው ጋር ጠብ ነበራቸው። የዓይን ምስክር አለ።»

ጠቡን ዓለምፀሐይም ሰምታለች። ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶ፣ ወጣቶቹ የወታደር ቆብ እንዲያወልቁ ጋሽ አሊዪ እንዲመክሩ ተጠይቀው ነበር። ሰዲቅ ባርኔጣውን እንዳደረገ ተነስቶ፣ «ፀሐዩ ላይም መመሪያ ይውጣለት፤ ያኔ አወልቃለሁ» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ዱላቸውን አንስተው ወጡ።

ምስክሩ ካሳሁን ነው። የዚህ አገር ልጅ አይደለም፤ ከተማ ውስጥ ሆቴል አለው፤ ከቦዩ በታች መሬት ተኮናትሮ ሽንኩርት ያለማል። ቃሉን ዓለምፀሐይ ደጋግማ አንብባዋለች። «አመሻሽ ላይ ከማሳዬ ስመለስ ሰዲቅ ያንን ባርኔጣ ጎኑን አጥፎ በራሱ ላይ እንዳደረገ፣ ውሃውን ከፍቶ ቦዩ አፍ ላይ ቆሞ አየሁት። ጋሽ አሊዪ ወደ እሱ እየሄዱ ነበር። እኔ በቀጥታ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲባል ሆቴሌ ደርሻለሁ።»

«ያን ቀን የልጁ ተራ እንኳ አልነበረም» አለ ኮማንደሩ። «ውሃ ሲሰርቅ ያዙት፣ መታቸው። ከላይም ስልክ አላሳርፍ ብሎኛል። ወጣቱ የወታደር ቆብ አድርጎ ሲዞር ዝም ብላችሁ አያችሁ፣ የደርግ ናፋቂ አፈራችሁ ይሉኛል። መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሂድ።»

«የተመቱበት ነገር አልተገኘም።»

«ወንዝ አለ። ጥሎታል።»

«ባርኔጣውን ትቶ?»

«ዓለም፣ ወንጀለኛ ሁሉ ብልህ ቢሆን እኔና አንቺ ሥራ ፈት ነበርን።»

«ልክ ነው» አለች። ብዕሩን ግን አላነሳችም። «እኔ እስከ ነገ አልፈርምበትም።»

ኮማንደሩ ቀና ብሎ አያት። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምቷት አያውቅም፤ አሁንም ከፍ አላደረገችም። ማራገቢያው አንድ ዙር ዞሮ ተመለሰ።

«እስከ ነገ» አለ።

*

ሰዲቅ ሃያዎቹን ያጋመሰ ቀጭን ገበሬ ነው። ግንባሩ ላይ ባርኔጣው ይውልበት የነበረው ቦታ ከሌላው ፊቱ ቀላ ብሎ መስመር ሠርቷል።

«ባርኔጣዬ የት ነው?» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«ኤግዚቢት ሆኗል።»

«ሲያልቅ ይመለስልኛል?»

«ሲያልቅ አንተ የት እንደምትሆን ብታስብ ይሻልሃል። ጋሽ አሊዪን ትጠላቸው ነበር?»

«አላህ ይርሐማቸው። ቁርአን ያስቀሩኝ እሳቸው ናቸው።»

«በስብሰባ ላይ አዋረድካቸው ይባላል።»

«ያዋረድኩት መመሪያውን ነው። እሳቸው ውጭ ወጥተው ዛፍ ተደግፈው ሲስቁ አይቻለሁ። ሽማግሌ ስብሰባ ላይ አይስቅማ።»

ዓለምፀሐይ ብዕሯን አስቀመጠች። ቀጥሎ ያነሳችው ጥያቄ ለመዝገቡ የሚጠቅም አልነበረም።

«ለምንድን ነው የምታደርገው? ወታደር አልነበርክም። የየት አገር እንደሆነም አታውቅም። ክልክል ነው ተብለሃል።»

«ያምርብኛል፣ እትዬ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ሰው ግን ሌላ ነገር ይፈልግለታል። ደርግ ናፈቀው ይላሉ፤ ደርግ ሲወድቅ እኔ የወተት ጥርሴን እየጣልኩ ነበር። ያምርብኛል፣ ፀሐይ ይከለክልልኛል። ሰው ራሱ ላይ ያለውን ማስፈቀድ ከጀመረ ነገ ራሱ ውስጥ ያለውንም ያስፈቅዳል።»

«ያን ቀን አመሻሽ ላይ የት ነበርክ?»

ሰዲቅ መስኮቱን አየ።

«ካሳሁን ቦዩ አፍ ላይ አይቼዋለሁ ብሏል።»

«አላየኝም።»

«ታዲያ የት ነበርክ?»

«እሱን አልናገርም።»

«ለምን?»

«የኔ ብቻ ስላልሆነ።»

«ሰዲቅ፣ በዚህ ነገር ዕድሜ ልክ ሊፈረድብህ ይችላል።»

«ሰምቻለሁ።» እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «አልገደልኳቸውም፤ ያንን ይጻፉልኝ። የት እንደነበርኩ ግን ቢገርፉኝም አይወጣኝም።»

እንደተናገረው ጻፈችው።

*

አብሯት የሚሠራው ኮንስታብል ተመስገን ሌላ ወሬ ይዞ መጣ። የቀድሞ ወታደሩ ጋሽ ወርቁ በቅርቡ ገበያ መሀል የሰዲቅን ባርኔጣ ከራሱ ላይ ነጥቀውታል።

«ቂም ይዘው ልጁን ሊያስወነጅሉት ቢሆንስ?» አለ ተመስገን። «ለወታደር እኮ ቆቡ ክብሩ ነው።»

ጋሽ ወርቁ የካሳሁን ሆቴል ዘበኛ ናቸው። በሩ ላይ በርጩማ አድርገው፣ በዚያ ጠራራ ባዶ ራሳቸውን ተቀምጠዋል።

«ባርኔጣውን ቀምተውታል?» አለች ዓለምፀሐይ።

«ቀምቼዋለሁ።»

«ምን አድርጎዎት?»

«አጠፋፉን አላወቀበትማ።» ጋሽ ወርቁ ትከሻቸውን እየነኩ አሳዩዋት። «ጎኑ የሚታጠፈው ለጌጥ አይደለም ልጄ። ጠመንጃ ስትሸከሚ ክንፉ እንዳይመታሽ ነው። እሱ የማይሆነውን ጎን አጥፎ እንደ ሙሽራ ይንጎራደዳል። ነጠቅኩት፣ በግራ አጥፌ ራሱ ላይ መለስኩለት። ከሩቅ ያየ ተጣሉ ብሎ አወራ። አመሰግናለሁ እንኳ ብሎኛል።»

ተመስገን ወደ ጫማው አየ።

«አይከፋዎትም? የወታደር ነገር እንዲህ መጫወቻ ሲሆን።»

«የኔን ቆብ በሰማንያ ሦስት ሞጆ መንገድ ላይ ጥዬዋለሁ። ሲያዩኝ እንዳይለዩኝ። ከዚያ ወዲህ ራሴ ላይ ምንም አላደረግኩም፤ ይኸው ፀሐዩ እንዳሻው ያደርገኛል።» ጭንቅላታቸውን በመዳፋቸው አሹ። «ልጆቹ ሳይፈሩ አድርገውት ሲያልፉ፣ ምን ልበልሽ፣ ወደኋላ ዞሬ አያቸዋለሁ። እሰየው። ያድርጉት።»

«ያን ቀን አመሻሽ ላይ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ለአቶ ካሳሁን በር የከፈትኩለት እኔ አይደለሁ?»

«መግሪብ ሲባል?»

«የለም፣ የመጨረሻው ሰላት፣ ኢሻም ተብሎ ነበር። እራት በልቼ...» ጋሽ ወርቁ አቆሙ። ዓይናቸው ወደ ሆቴሉ ግቢ ሄዶ ተመለሰ። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፉም» አለች ዓለምፀሐይ። «ላየው የሚገባኝ አንድ ቦታ ቀርቶኛል።»

*

በማግስቱ ጠዋት ባጃጁ መንገዱ ያበቃበት ላይ አወረዳቸው። ከዚያ በማሽላውና በማሾው መሀል በእግር ነው። ዓለምፀሐይ የደብረ ሲና ልጅ ናት፤ ጭጋጉ ውስጥ ያደገች። እዚህ ቆላ ከተመደበች ወዲህ እንኳ ቦዩን ተከትላ ይህን ያህል ወርዳ አታውቅም።

ራቅ ብሎ ቦዩ ዳር አንድ ሰው ባርኔጣ አድርጎ ቆሟል።

«እንደምን አደሩ» አለች ከሩቁ።

ሰውየው አልመለሰም። ጠጋ ብላ ደገመችው፣ አሁንም መልስ የለም። ተመስገን ሳቁን በሳል ሸፈነው። የቆመው ሰው ሳይሆን አካፋ ነበር፤ ብረቱ ጭቃው ውስጥ ተተክሎ፣ እጀታው ጫፍ ላይ ባርኔጣ የተደፋበት። ወደ ታች ስትመለከት በሌላው ቦይ አፍ ላይም ሌላ አካፋ የስፖርት ቆብ አድርጎ ቆሟል።

ማሳው ውስጥ በዶማ ውሃ የሚመራ ባዶ ራሱን ያለ ገበሬ ቀና አለ።

«ተራዬ ነው» አላት፣ ውሃ ፈልጋ የመጣች መስሎት።

«ባርኔጣው ያንተ ነው?»

«የኔ ነዋ። ውሃ የከፈተ ሰው አካፋውን ተክሎ ባርኔጣውን ይደፋበታል። እስኪዘጋ አይነሳም። ባርኔጣ ካለ ደመኛውም ቢሆን አይነካውም።»

«ባይኖርስ?»

«ባርኔጣ የሌለው ውሃ ባለቤት የለውም። ያለፈ ያገደመ ይዘጋዋል።»

ዓለምፀሐይ ፌስታሉን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ውሃ የሚሰርቅ ሰውስ?»

ገበሬው ሳቀ። «እሱማ ከሁሉ አስቀድሞ ነው የሚደፋው። አለበለዚያ ሳይሰርቅ ይዘጋበት የለ? ውሃ ሌባ ባዶ ራሱን ነው የሚታወቀው።»

የባርኔጣው አናት ለምን እንደሳሳ ገባት። ውሃው ተከፍቶ ባርኔጣው በራሱ ላይ ነበር የሚለው የካሳሁን ምስክርነት ምን ላይ እንደተሰበረም ገባት። ሌላም ነገር ተከተለ፤ ባርኔጣው ተገኝቷል፣ አካፋው ግን የለም።

«ጋሽ አሊዪ የሞቱ ቀን ተራው የማን ነበር?»

«የሙሚና ባል ተራ ነበር። እሱ ካለፈ ወዲህ ግን የማንም አይደለም፤ እንዲሁ ወደ ታች፣ ወደ ካሳሁን ሽንኩርት ይወርዳል።»

«ሙሚና ራሷስ?»

«ሴት ባርኔጣ የላትም» አለ ገበሬው፣ ውሃ ወደ ታች ይፈስሳል እንደሚል ሰው፤ ወደ ዶማውም ተመለሰ።

*

የሙሚና ማሾ ጉልበት ድረስ ለምልሟል። ባለቤቲቱ ዳር ላይ አረም ትነቅላለች። ሠላሳዎቹን ያለፈች፣ ድምፅዋ ወፈር ያለ ሴት።

«ማሾሽ አምሯል» አለች ዓለምፀሐይ ማን እንደሆነች ከነገረቻት በኋላ። «ውሃ የለሽም ብለውኝ ነበር።»

ሙሚና አረሙን ጨብጣ ቆመች። «ሰዲቅ ምን አለ?»

«የት እንደነበርኩ አልናገርም አለ።»

«ሞኝ» አለች ሙሚና። መሬቱ ላይ ቁጭ አለች፤ ሻሿን ፈታ እንደገና አጠበቀችው። «ተቀመጪና ጻፊ።»

ዓለምፀሐይ ተቀመጠች።

«ባሌ ሲሞት ተራው ሲደርስ ሻሼን አካፋ ላይ ሰቀልኩ። አንስተው ቦዩ ውስጥ ጣሉት። ሳቁብኝ። ሰዲቅ ሰማና የኔ ተራ ሲደርስ የራሱን ባርኔጣ ከነአካፋው ተከለልኝ። ጋሽ አሊዪ መጡ፣ አዩት። ‹ይህ የማን ነው?› አሉ። የወታደር ነው አልኳቸው። ‹ውሃውስ ወደ ማን ነው?› አሉ። ዝም አልኩ። ‹እንግዲህ ባርኔጣ አለ። ወዴት እንደሚሄድ ባርኔጣው አይናገርም› ብለው ዱላቸውን ይዘው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ተራዬ በደረሰ ቁጥር እንዲሁ ነበር።»

«ያን ቀን አመሻሽ ላይስ?»

«ሰዲቅ እዚያ ሾላ ሥር ነበር፣ ባዶ ራሱን። እኔ ውሃ እመራለሁ። መግሪብ ገና ሳይባል ውሃው ድንገት ቆመ።» ሙሚና ወደ ሾላው አየች። «ሄደን ልናይ ይገባ ነበር። ግን የተደበቀ ነገር ነው፤ ጋሽ አሊዪ ሐሳባቸውን ቀይረው ይሆናል ብለን ፈራን። በታች በኩል ወደየቤታችን ሄድን። አዛኑን የሰማነው መንገድ ላይ ነው። እሳቸው ያን ጊዜ...»

አልጨረሰችውም። ዓለምፀሐይ የጻፈችውን ወረቀት አቀረበችላት።

«ይህን ከፈረምሽበት የገበሬዎቹ የውሃ ማኅበር ይሰማል። ውሃውን ይከለክሉሻል።»

«አውቃለሁ። እሱም ይህን ፈርቶልኝ ነው አልናገርም ያለው። የማንንም ውሃ አልሰረቅኩም፤ ያጠጣሁት በባሌ ተራ ነው። እንደዚያው ብለሽ ጻፊ። ማሾ ቢደርቅ እንደገና ይዘራል። ልጁ አይዘራም።»

ፈረመች።

«የሰዲቅ አካፋ ምን ይመስላል?» አለች ዓለምፀሐይ እየተነሳች።

«እጀታው ወይራ ነው። ጫፉ ላይ ጉጥ አለው።»

*

ካሳሁን ከሽንኩርት መጋዘኑ በር ላይ ዳስ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ሠራተኞቹ፣ የዚያው አካባቢ ልጆች፣ ሽንኩርት ይመርጣሉ። ለዓለምፀሐይ ወንበር አስመጣላት፤ ለስላሳም አዘዘ።

«ቃልዎን ላጣራ ነው» አለች። «ሰዲቅን ሲያዩት ውሃው ክፍት ነበር?»

«ክፍት ነበር። ሲሰርቅ።»

«ባርኔጣውስ?»

«ብዬሻለሁ እኮ። በራሱ ላይ፣ ጎኑን አጥፎ።»

«ውሃው ክፍት ሆኖ፣ ባርኔጣው በራሱ ላይ?»

«ታዲያ ባርኔጣ ሌላ የት ይሆናል?»

ሽንኩርት የሚመርጡት እጆች ቆሙ። ሠራተኞቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንደኛው ሳያስበው ፈገግ አለና ወዲያው አንገቱን ደፋ። ካሳሁን ሳቁን አይቶታል፤ ምኑ እንዳሳቀው ግን አልገባውም።

«ምንድን ነው?» አላቸው።

ሠራተኞቹ ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ።

«እዚህ ያሉትን አካፋዎች ሁሉ አውጡልኝ» አለች ዓለምፀሐይ።

ተመስገንና ሠራተኞቹ ከመጋዘኑ አውጥተው ግድግዳው ላይ አስደገፏቸው። ባርኔጣውን ከፌስታሉ አወጣችና በየአንዳንዱ እጀታ ላይ ደፋችው። በአንዱ ላይ ተንሸራተተ፣ በሌላው ላይ ወደ ጎን ወደቀ። ካሳሁን መጀመሪያ እንደ ጨዋታ ያያት ነበር። ኋላ ጥግ ላይ የቆመው አካፋ ዘንድ ስትደርስ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። እጀታው ጫፍ ላይ ጉጥ ነበረበት። ባርኔጣው ላዩ ላይ ተቀመጠ፤ ጉጡ በሳሳው ክብ ውስጥ ልክ ገባ፣ ክንፉም ሳይዘም ቆመ። የሌሎቹ አካፋዎች ብረት በደረቀ ጭቃ ተለብጧል። የዚህኛው ታጥቦ ጠርቷል፤ ብረቱ ከእንጨቱ በሚጋጠምበት ስንጥቅ ውስጥ ብቻ አንድ ጥቁር ነገር ደርቋል።

«ይቺ የኛ አይደለችም» አለ ፈገግ ብሎ የነበረው ሠራተኛ።

«ዝም በል አንተ» አለ ካሳሁን።

«መግሪብ ሲባል ሆቴሌ ነበርኩ ብለዋል» አለች ዓለምፀሐይ። «የገቡት ከኢሻ በኋላ ነው። አካፋ ማጠብ ያን ያህል ጊዜ ይወስዳል?»

ካሳሁን የለስላሳውን ጠርሙስ መሬት ላይ አስቀመጠ። ለመካድ አፉን የከፈተ መሰለ፤ ግን ዓይኑ ከአካፋው ላይ አልነቀል አለ፤ ሲናገርም የተናገረው ለሷ ሳይሆን ለአካፋው ይመስል ነበር።

«መሬቱን በውል ነው የያዝኩት። ሽንኩርቱ ውሃ ጠምቶት እያየሁ፣ ዝጉልኝ ብዬ ሽማግሌውን ለመንኳቸው። ‹ባርኔጣ አለ› ይሉኛል። የማን ነው ስላቸው ‹ባርኔጣ አለ› ይሉኛል። አሮጌ ጨርቅ፣ እንጨት ላይ። ነቀልኩት። ባርኔጣው ጭቃ ላይ ወደቀ። ይጮሃሉ፣ ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ... ሊያነሱት ጎንበስ አሉ። እኔን ከምንም ሳይቆጥሩኝ፣ ባርኔጣውን ሊያነሱ ጎንበስ አሉ።»

ተመስገን እጁን ያዘው።

በመመለሻው መንገድ ላይ ኮንስታብሉ አካፋውን ጭኑ ላይ እንዳጋደመ፣ «አካፋውን ደብቆ ባርኔጣውን መተው ምን ይሉታል?» አለ።

«ደም ያለው አካፋው ላይ ነዋ። ባርኔጣው ለእሱ ሰዲቅን የሚያስከስስ ነው» አለች ዓለምፀሐይ። «እዚህ ያደገ ሰው ቢሆን ሁለቱን አይነጥላቸውም ነበር።»

*

ኮማንደር ጌታቸው አዲሱን መዝገብ አንብቦ ሲጨርስ፣ «ቆቡን በተመለከተ ግን መመሪያው እንዳለ ነው» አለ።

«መዝገቡ ውስጥ ስለ መመሪያ አልጻፍኩም» አለች ዓለምፀሐይ። ፈረመ።

ሰዲቅ ሲፈታ ባርኔጣው አልተመለሰለትም፤ እስከ ፍርዱ ከአካፋው ጋር ይቆያል። ደረጃው ላይ ባዶ ራሱን ቆሞ፣ በፀሐዩ ዓይኑን ጨፈን አደረገ።

«ተናገረች?» አለ።

«ራሷ ናት ያስጻፈችው።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፤ ለብዙ ጊዜም አልተነሳም።

የውሃ ማኅበሩ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ሙሚናን ጠርተው፣ የተደረገው ነገር ማታለል እንደሆነ፣ ሟቹንም አላህ ይማራቸው እንጂ ሥርዓት ማጓደላቸውን፣ ደንቡም ድሮም ዘንድሮም ባርኔጣ የሌለው ተራ የለውም የሚል መሆኑን ነገሯት። ሙሚና እስከ መጨረሻው አዳመጠች። «እሺ» አለች። ከዚያ ቀጥታ ወደ ገበያ ሄደች።

ከበቡሽ ዘንድ ከዚያ ቦንዳ የተረፈ አንድ ባርኔጣ ብቻ ነበር፤ ከሁሉም ትልቁ፣ ወንዶቹ ለክተው ለክተው የተዉት።

«ለማን ነው?» አለች ከበቡሽ።

«ለራሴ።»

«ይሰፋሻል እኮ።»

«አካፋውን አይሰፋውም።»

የወታደር ባርኔጣውን ከሻሿ በላይ አጥልቃ፣ የባሏን አካፋ ተሸክማ፣ በዋናው መንገድ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አለፈች። ባጃጅ ነጂዎቹ ጡሩምባ ነፉላት። ከጽሕፈት ቤቱ በር ላይ አንድ ሰው ብቅ ብሎ አያትና ተመልሶ ገባ።

ተራዋ ሲደርስ ዓለምፀሐይ ከቦዩ ማዶ ቆማ ነበር። ሙሚና ጭቃውን ከፈተች፣ አካፋውን ተከለች፣ ባርኔጣውን ከራሷ ላይ አውልቃ ደፋችበት። ገበሬዎቹ ከየማሳቸው እየወጡ መጡ፤ አካፋውን ከበው ቆሙ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ባርኔጣውን ከፊት አየው፣ ዞሮም ከኋላ አየው።

«ባርኔጣ ነው?» አላት።

«ባርኔጣ ነው» አለች ሙሚና።

ሽማግሌው ሌሎቹን ተመለከተ። እጁን የዘረጋ አልነበረም። አንድ በአንድ ወደየሥራቸው ተመለሱ፣ ውሃውም እስከ ማታ ድረስ ወደ ሙሚና ማሾ ገባ።